ከሸክላ እስከ እጅ ስልክ፦ የድምፅና የቃል እንጀራ በወላይታ

እንደሚታወቀው የወላይታ ምድር ሕዝቡ የበዛበት፣ የእርሻ ማሳው ግን በየትውልዱ እየተከፋፈለ የጠበበበት አገር ነው። ከዚህም የተነሣ የወላይታ ወጣት ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ወጥቶ በሊስትሮነትና በሎተሪ አዟሪነት ኑሮውን መጀመሩ የቆየ ነገር ነው። ዛሬ ደግሞ እዚያው ሶዶ ተቀምጦ፣ በእጅ ስልኩ የቀረጸውን ዘፈን፣ ቀልድ ወይም ትምህርት በዩቲዩብና በቲክቶክ እያሰራጨ ገቢ ለማግኘት የሚጥር ወጣት ተነሥቷል። ሥራው አዲስ ይምሰል እንጂ ታሪክ አለው። በታሪኩም ውስጥ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል፤ ይኸውም ጥቅሙ ለሠሪው ይደርሳልን ወይስ በመካከል ይቀራል የሚለው ነው።

በሰሜኑ አገራችን አዝማሪው ዋጋውን የሚቀበለው ከአድማጩ እጅ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ባስቀረጹ ጊዜ ግን ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ቆይቶም ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ይህን ደፍረው በራሳቸው ስም የሸክላ ድርጅት በማቋቋማቸው የዘመኑ ዘፋኞች ሥራ ለገበያ በቃ። ከዚያ የመጣው ካሴት ርካሽ ስለ ነበረ ዘፈንን እስከ ገጠር አደረሰ፤ በቀላሉ ስለሚገለበጥ ግን የዘፋኙን ድርሻ በላበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን መብት ቢያውቅም፣ ራሱን የቻለ የቅጂ መብት አዋጅ (ቁጥር 410) የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተቋቋመው ዩቲዩብ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የማስታወቂያ ገቢውን ለሠሪዎች ማካፈል ያዘ። ከረዣዥም ሥራዎች የማስታወቂያ ገቢ ከመቶ 55 እጅ ለሠሪው ይሰጣል። ይሁን እንጂ በ2010 ዓ.ም. 1,000 ተከታታይና በዓመት 4,000 የእይታ ሰዓት የሌለው ከዚህ ድርሻ እንዳይገባ ተወሰነ። እንግዲህ ጥቅሙን የሚወስነው የተመልካች ብዛት ነው ማለት ነው።

በወላይታ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን አዋሕዶ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የመማሪያ መጻሕፍት በቀረቡ ጊዜ የሶዶ ሕዝብ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተነሡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በቋንቋው ላይ ይህን ያህል ዋጋ የከፈለ ሕዝብ ልጅ ዛሬ በገበያው ፊት ይፈተናል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ወላይትኛ አፍ መፍቻው የሆነው ሰው ከ1 ሚሊዮን 600 ሺሕ ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን፣ አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነው ከ21 ሚሊዮን ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ በአማርኛ ቢሠራ ገበያው ይሰፋለታል፤ በወላይትኛ ቢሠራ ጥቂት ተመልካች ይዞ ይቀራል። የጊፋታ በዓል ዘፈንና ጭፈራ ግን ቋንቋውን የማያውቀውንም ይስባል። ንግግሩን በወላይትኛ አድርጎ ትርጉሙን በአማርኛ ከሥር መጻፍም አንዱን ለሌላው ሳይሠዉ የሚያስኬድ መንገድ ነው።

የገቢው መሠረት ገና የጸና አይደለም። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት መቋረጡ ይህን አሳይቷል። በሌላ በኩል በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ገንዘብን በስልክ ማስተላለፍ አቃልሏል፤ በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅም ከዚህ ሥራ የሚገኘውን ገቢ በግብር ሥር አግብቶታል። መንግሥት ግብር የሚጠይቅበት ሥራ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ሙያ ሆኗል ማለት ነው።

ሙያ ከሆነ ደግሞ ውል መዋዋልን፣ የቅጂ መብትን ማስከበርንና ሒሳብ መያዝን ይጠይቃል። የካሴት ዘመን ዘፋኞች የተጎዱት ችሎታ አጥተው አልነበረም፤ መብታቸውን የሚያስጠብቅላቸው ስላልነበረ ነው። እኛ የሙያ ባልደረቦች ይህን የምናውቅ ሰዎች ለሶዶው ወጣት ልምዳችንን ብናካፍለው፣ እርሱ በአገሩ፣ በቋንቋውና በሥራው ለመኖር የሚችልበት ዕድል ይሰፋል።