የዲንግቦቼ ማሳ ባለቤቶች፦ በኩምቡ ሸለቆ የከፍታ መንደሮች ትስስር

በሰሜን ምሥራቅ ኔፓል፣ በኩምቡ አካባቢ፣ 4,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ዲንግቦቼ በካርታ ላይ ራሷን የቻለች መንደር ትመስላለች። ከጎረቤቶቿ ነጥሎ ያጠናት ግን መሳሳቱ አይቀርም። ማሳዎቿንና የድንጋይ ቤቶቿን በአብዛኛው የያዙት ዋና ቤታቸው ዝቅ ብሎ በፓንግቦቼ፣ በኩምጁንግና በኩንዴ የሆነ የሼርፓ ቤተሰቦች ነበሩ። ያው አንድ ቤተሰብ ታች ድንች ይተክላል፤ ዲንግቦቼ ገብስ ይዘራል፤ ክረምት ሲገባ ያኮቹን ከዚያም በላይ ያሰማራል።

ገብሱ የዲንግቦቼ መታወቂያ ነው። ዝናቡ ከሰኔ በፊት ስለማይበረታ ቡቃያው በቦይ ውኃ ይደገፋል። ማሳው ዙሪያውን በካብ ታጥሯል፤ ሰብሉን በእርግጥ የሚጠብቀው ግን ካቡ ሳይሆን ደንቡ ነው። ናዋ የሚባሉት የመንደር ሹሞች ከብቱ ከማሳው ቀበሌ የሚወጣበትንና ከአጨዳ በኋላ የሚመለስበትን ቀን ይወስናሉ፤ ቀኑን የጣሰ ይቀጣል። የታችና የላይ መንደሮችን አንድ ያደረገው፣ በእኔ እምነት፣ ከዝምድናም በላይ ይህ የቀን ቁርጥ ነው።

የሥነ ሰብ ተመራማሪው ክሪስቶፍ ፎን ፉረር ሃይመንዶርፍ የኩምቡን የሕዝብ ብዛትና የገዳማቱን መስፋፋት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከገባው ድንች ጋር አያይዘውታል። ሐሳቡ ይማርካል፤ ይሁንና ከቲቤት ጋር የነበረውን የጨውና የእህል ንግድ፣ ከዳርጂሊንግ የመጣውንም የጉልበት ዋጋ ቦታ ያሳጣቸዋል። ድንች ብቻውን ገዳም አያንጽም።

ዛሬ ከማሳዎቹ ጎን የእንግዳ ማረፊያዎች ቆመዋል፤ ወደ ኤቨረስት ግርጌ የሚያቀኑ ተጓዦች ሰውነታቸው ከፍታውን እስኪለምድ እዚህ ይሰነብታሉ። የናዋዎቹ ደንብም በየቦታው ላልቷል። ከሸለቆው ራስ ላይ ደግሞ ከበረዶ ግግር የሚቀልጠውን ውኃ የሚያጠራቅመው የኢምጃ ሐይቅ ባለፉት ስድሳ ዓመታት ሰፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የኔፓል ጦር ሠራዊት ውኃውን ከ3 ሜትር በላይ አጉድሏል። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የዲግ ጾ ሐይቅ ጥሶ ሲወጣ በታሜ አቅራቢያ ለመጠናቀቅ የተቃረበ የኃይል ማመንጫን ጠራርጎ ወስዷል።

እንግዲህ ኢምጃ ቢጥስ ጎርፉ የሚበላው የዲንግቦቼ ማሳ፣ ጎርፉ በማይደርስበት በኩምጁንግ ያለ ቤተሰብ ጎተራ ጭምር ነው። የዲንግቦቼን ነዋሪ ብቻ ቆጥሮ የሚሰላ የጉዳት ግምት ኪሳራውን ያሳንሳል።