ለዴሞ የተወለዱ ፈረሶች

ስኑፕ ዶግ እና ማርታ ስቱዋርት ሙሉ የፈረሰኛ ልብስ ለብሰው፣ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለው ፈረስ ሲደንስ የሚያዩበትን ቪዲዮ ሳታስታውሱት አትቀሩም። የ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። የቢሯችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሲለጠፍ እኔም እንደ ሰዉ ስቄ አለፍኩት። ማታ ግን ስልኬ ሌላ ፈረስ አመጣልኝ፤ ከዚያ ሌላ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቶቲላስ የሚባል አንድ ጥቁር ድንጉላ ደጋግሜ እያየሁ ነበር።

ምን ልበላችሁ፣ ያምራል። የፊት እግሮቹ በየተራ ወደ ደረቱ ይወጣሉ፣ አየር ላይ ቆም ይሉና ይወርዳሉ። ሙዚቃው ከእሱ ጋር የሚሄድ እንጂ እሱ ከሙዚቃው ጋር የሚሄድ አይመስልም። በታኅሣሥ 2009 ለንደን ላይ 92.30 ከመቶ አገኘ። ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት እሱና ጋላቢው ኤድዋርድ ጋል ራሳቸው እስኪያልፉት ድረስ፣ 90 የሚባል ቁጥር በዚህ ስፖርት ታይቶ አያውቅም ነበር።

በማግሥቱ ቪዲዮውን ለአጎቴ አሳየሁት። ጋሼ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሃያ ዓመት ጋሪ ነድቷል፤ ፈረስ ያውቃል። ትንሽ አየና፣

«ምን አይቶ ነው የደነገጠው?» አለኝ።

አልደነገጠም፣ ሥልጠና ነው አልኩት። ዋጋውንም ነገርኩት፤ 10 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተሽጧል ተብሎ ተዘግቧል። ስልኩን ከእጄ ወስዶ ወደ ዓይኑ አስጠጋና «ታዲያ ምን ይጭናል?» አለ።

ሳቅን። ግን ጥያቄው አለቀቀኝም። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ስለዚህ ስፖርት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ፤ ባነበብኩ ቁጥር ደግሞ የድሬሳዥ ታሪክ የጀመረው ልክ ከጋሼ ጥያቄ እንደሆነ ገባኝ።

ድሬሳዥ ፈረንሳይኛ ነው፤ መግራት፣ ማሠልጠን ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው የአቴንሱ ወታደር ዜኖፎን ስለ ፈረስ አጋለብ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። ጭንቀቱ ሰው ተሸክሞ ጦር ሜዳ ገብቶ የሚወጣ ፈረስ ማግኘት ነው። ስለ ውበትም ይናገራል፦ ፈረስ ተገድዶ የሚያደርገው ነገር አያምርም፤ የሚያምረው በሌሎች ፈረሶች ፊት በራሱ ፈቃድ ሲንጎራደድ ነው፤ የጋላቢውም ሥራ ያንን ፈቃድ ማግኘት ነው ባይ ነው። በ1733 የታተመው የፈረንሳዊው የላ ጌሪኒዬር መጽሐፍም ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። የፈረሱ የኋላ እግር ከሆዱ ሥር ገብቶ ክብደት ይሸከም፣ ጀርባው ይጠንክር፣ ትከሻው ቀለል ይበለው። ቪየና ያለው የስፓኝ ፈረስ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ የሚመራው በዚህ ነው። እዚያ ነጮቹ ሊፒዛነር ድንጉላዎች ሥልጠና የሚጀምሩት 4 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው፤ ለመጨረስ ስድስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። ብዙዎቹ 20 ዓመት አልፏቸውም ይሠራሉ።

ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው በ1912 ስቶክሆልም ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የወታደር ርስት ነበር። ፈተናው ውስጥ መሰናክል መዝለል ነበረበት፤ እንዲያውም በርሜል ወደ ፈረሱ እየተንከባለለ ይለቀቅበት ነበር፣ ይደነግጥ እንደሆነ ለማየት። (ጋሼ ይህን ሲሰማ በጣም ደስ አለው።) ርስትነቱ ቀልድ አልነበረም፤ በ1948 ስዊድን በቡድን ያገኘችው ወርቅ፣ ከጋላቢዎቿ አንዱ በእርግጥ መኮንን አይደለም ተብሎ በዓመቱ ተነጥቋል። በ1952 በሩ ለሲቪልና ለሴት ተከፈተ። ፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ያሽመደመዳት ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል ያን ዓመት ብር አገኘች። እግሯን ማዘዝ የማትችል ሴት በጀርባና በክብደት ብቻ ፈረሱን አነጋገረችው።

ከዚያ ትራክተር መጣ።

ይሄ ቦታ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ብዙ ጊዜ ተዘልሎ የሚታለፈው ይሄ ነው። ሰሜን ጀርመንና ኔዘርላንድ ውስጥ ፈረስ ያረባ የነበረው ገበሬ ነው። ፈረሱ በሳምንቱ ቀን ያርሳል፣ ጦር ሠራዊት ሲጠይቅ ይሸጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለቱም ደንበኞች በአንድ ትውልድ ውስጥ ጠፉ። የቀረው ለመዝናናትና ለውድድር የሚጋልብ ከተሜ ብቻ ነው። ከ1949 ጀምሮ ፌርደን በምትባል የጀርመን ከተማ ለዚህ ገዢ የፈረስ ጨረታ ይካሄድ ጀመር። ገበሬው ከባዱን ፈረስ ከቀላል ዘር ጋር እያዳቀለ አቀጠነው፣ አስረዘመው። ብልህ ሥራ ነበር፤ ዘሩንም ከመጥፋት አዳነው። ሆኖም መኮንኑ ፈረሱን ይዞ አሥራ አምስት ዓመት ሲኖርበት፣ አርቢው ደግሞ ቶሎ መሸጥ አለበት። የሚበላ አፍ ነዋ!

እናም ፈተናው ወደ ልጅነት ወረደ። ጀርመን ውስጥ ድንጉላ ለዘር ይመረጣል አይመረጥም የሚባለው በ2 ዓመት ተኩሉ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ተለቅቆ ሲሮጥ ታይቶ። በ3 እና በ4 ዓመቱ የአገር ሻምፒዮና አለለት። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለወጣት ፈረሶች የዓለም ሻምፒዮና ተቋቁሟል፤ የ5 እና የ6 ዓመት ፈረሶች ፌርደን ላይ፣ በኋላም ኔዘርላንድ ኤርሜሎ ላይ ተወዳድረውበታል። ዳኞቹ አምስት ነገር ያያሉ፦ እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ ታዛዥነት፣ አምስተኛው ደግሞ የወደፊት ተስፋ። ተስፋ ከ10 ይሰጠዋል!

ወረቀቱ ላይ ሦስቱ አካሄዶች እኩል ናቸው። አዳራሹን የሚያስጨበጭበውና ጨረታውን የሚያንረው ግን ሶምሶማው ነው፤ ከፊት እግሩ እሳት የሚረጭ የሚመስለው ሶምሶማ። አሠልጣኞች ዘንድ ደግሞ የቆየ ዕውቀት አለ፦ ከሦስቱ በሥልጠና በቀላሉ የሚለወጠው ሶምሶማ ነው። እርምጃ ከእናቱ ሆድ ይዞት የሚወጣው ነው፤ ሰው ሊያበላሸው እንጂ ብዙም ሊያሻሽለው አይችልም። እንግዲህ አስቡት፤ ገዢው ከፍተኛውን ዋጋ የሚከፍለው ለማስመሰል በጣም ለሚቀለው ነገር ነው። ፈረሱን አስጨንቀው፣ ዛቡን ጨምቀህ ይዘህ ከኋላ ግፋው፤ የፊት እግሩ ይወጣል። ጋሼ «ምን አይቶ ነው የደነገጠው» ያለው ትክክል ነበር ማለት ነው። በፍርሃት የተወጠረ ፈረስና በደስታ የሚንጎራደድ ፈረስ ከሩቅ ይመሳሰላሉ።

እኔ ይህን ዓይነት ነገር በሌላ ስም አውቀዋለሁ። ድሮ በሠራሁበት አንድ ቤት ለባለሀብቶች የሚታይ ዴሞ ነበረን። ቁልፉን ስትነካው ገጹ ተንሸራትቶ ይከፈታል፣ ግራፉ ይወጣል፣ ሁሉም ዋው ይላል። ከኋላው ዳታቤዝ አልነበረም፤ ቁጥሮቹን በእጄ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ገንዘቡ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ተኩል የዴሞውን ውሸት እውነት ለማድረግ ስንሠራ እንቅልፍ አጣን። ልዩነቱ እኛ ኮዱን ጥለን እንደ አዲስ መጻፍ መቻላችን ነው። የፈረስ ጅማት ግን እንደ አዲስ አይጻፍም።

ፈረስ አጥንቱ የሚጠነክረው ከታች ወደ ላይ ነው። ከኮቴው አካባቢ ያለው ገና በልጅነቱ ይጨርሳል፤ አከርካሪው ግን 5 ዓመት ካለፈ በኋላም ይቆያል። ጋላቢው የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ የሚጠነክረው ቦታ ላይ ነው። ፍትሐዊ ልሁንና፣ ልጅ ፈረስ ጭራሽ አይሥራ የሚል የለም፤ ልከኛ እንቅስቃሴ አጥንትን እንደሚያጠነክር ተጠንቷል። ጥያቄው መጠኑና ዓይነቱ ነው። በ3 ዓመቱ የአዋቂ ፈረስ ሶምሶማ የሚያሳይ እንስሳ ያንን ከየት አመጣው?

ጀርመናዊው የእንስሳት ሐኪም ገርድ ሆይሽማን በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ ፈረሶቹን ለሁለት ይከፍላቸዋል፦ በጀርባ የሚሄዱና በእግር የሚሄዱ። በጀርባ የሚሄደው ጡንቻው ላላ ብሎ ይወዛወዛል፤ በእግር የሚሄደው ጀርባውን አድርቆ እግሩን ይወረውራል። መለያው ቀላል ነው። ሶምሶማ ላይ የግራ ፊትና የቀኝ ኋላ እግር አብረው ይነሳሉ። የሁለቱ ቅልጥም ትይዩ መሆን አለበት። የፊተኛው ሰማይ ወጥቶ የኋለኛው መሬት ለመሬት የሚጎተት ከሆነ ትርኢት ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቪዲዮዎችን በፍሬም ቆራርጬ ማዕዘን የሚለካ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ። ጥናት ነው አልልም፤ የቦዘነ ሰው ሥራ ነው። ግን በጥቁርና ነጭ ፊልሞቹ ላይ ሁለቱ መስመሮች ተቀራርበው ሲሄዱ፣ ብዙ ላይክ ባላቸው የጨረታ ቪዲዮዎች ላይ እንደ መቀስ ሲከፈቱ ሳይ ላፕቶፔን ዘግቼ ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

ደንቡስ ምን ይላል ካላችሁ፣ የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የድሬሳዥ ዓላማ ደስተኛ አትሌት ማፍራት ነው ሲል ኖሯል። የፈረሱን አገጭ በኃይል ከደረቱ ጋር የሚያጣብቀው ሮልኩር የሚባል አሠራር ጩኸት ሲያስነሳ፣ ፌዴሬሽኑ በየካቲት 2010 ሎዛን ላይ ተሰብስቦ በኃይል ከሆነ ክልክል ነው አለ። አንገትን ያለ ኃይል ዝቅና ክብ ማድረግ ግን በሌላ ስም ተፈቀደ። ኃይሉን የሚለካ መሣሪያ ዛቡ ላይ የለም።

ቶቲላስን ደግሞ ጊዜ እንየው። በ2010 ኬንታኪ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሦስት ወርቅ ወሰደ፤ በዚያው ጥቅምት ለጀርመናዊው ነጋዴ ለፖል ሾከሙሌ ተሸጠ። አዲሱ ጋላቢ ማቲያስ ራት ሆነ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ የጉዳትና የመመለስ ታሪክ ነው። ኦሎምፒክ ሳይሄድ ቀረ። በ2015 አኸን ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና ሲወጣ እርምጃው እኩል እንዳልነበረ ተመልካች በዓይኑ አየ። ምርመራው የኋላ እግሩ አጥንት ላይ ችግር አገኘ፣ ጡረታ ወጣ። በታኅሣሥ 2020 በሆድ ቁርጠት ሞተ፤ 20 ዓመቱ ነበር። የአንድ ፈረስ እግር ማስረጃ አይሆንም። የሚከብደኝ ከእሱ በኋላ የሆነው ነው። የድንጉላ ዘር ቀዝቅዞ በፖስታ በሚላክበት ዘመን ሁሉም ውርንጭላው ውስጥ ቶቲላስን ይፈልግ ጀመር።

ውርንጭላ ካልኩ አይቀር። በእነዚህ ዘሮች ውስጥ የሚዞር፣ ቆዳን የሚያሳሳ አንድ የዘር ሕመም አለ። ከእናትም ከአባትም ጂኑን የወረሰ ውርንጭላ ቆዳው እንደ እርጥብ ወረቀት ይቀደዳል፤ አይተርፍም። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ግን ምንም አይታይበትም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲዳቀሉ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ነገሩ በ2018 በአደባባይ መነጋገሪያ ሲሆን፣ ምርመራው ከዚያ በፊትም ነበረ። አንገቴን ያስደፋኝ በኋላ የወጣው ጥናት ነው፤ ተሸካሚዎቹ በእንቅስቃሴ ነጥብ ሻል ብለው ተገኝተዋል። የላላ መገጣጠሚያ ሰፊ እርምጃ ይሰጣል ማለት ሳይሆን አይቀርም። አርቢዎቹ ያንን ጂን አይተው አልመረጡትም፤ የመረጡት ጭብጨባውን ነው፣ ጂኑ ተከትሎ ገባ።

የቶቲላስን ክብረ ወሰን የሰበረው ቫሌግሮ ነው፤ በ2014 94.30 አገኘ። እሱ ኔዘርላንድ ውስጥ በድንጉላ ምርጫ ወድቆ የተኮላሸ ፈረስ ነበር። በ2016 በጤናው ጡረታ ወጣ። እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ፤ ታሪኩ ይጠናቀቅልኝ ነበር። ግን ጋላቢው ሻርሎት ዱጃርዲን ናት። በ2024፣ ስኑፕ ዶግ ቬርሳይ ከመድረሱ ከቀናት በፊት፣ ከዓመታት በፊት የአንድ ተማሪዋን ፈረስ እግር በአለንጋ ደጋግማ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣና ከኦሎምፒኩ ራሷን አገለለች። አንድ ዓመት ታገደች።

ባለፈው ፋሲካ ደብረ ብርሃን ሄጄ ለጋሼ አንድ የጨረታ ቪዲዮ ከፈትኩለት። የ3 ዓመት ፈረስ ነው፤ ሙዚቃ አለው፣ ሶምሶማው ጉድ ነው። ጋሼ ዝም ብሎ አየና «እሺ፣ አሁን ደግሞ ሲራመድ አሳየኝ» አለኝ። ወደ ኋላ መለስኩት፣ ወደፊት ገፋሁት። ቪዲዮው 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ሲራመድ የሚያሳየው ክፍል ተቆርጦ ወጥቷል።