የባሕር ኃይል መሐንዲስ መኮንን (ኢትዮጵያ)

በጦር መርከብ ላይ ሞተሩን፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉን፣ የነዳጅና የውኃ መሥመሩን የሚመራ መኮንን። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ሲመሠረት ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። ዕጩ መኮንኖች በአገር ውስጥ ለዓመታት ከተማሩ በኋላ ከፊሎቹ ወደ ጣሊያን ሊቮርኖ፣ በደርግ ዘመን ደግሞ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከዋል። 

ትልቁ የሥራ ቦታ «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ነበረች። ቀድሞ «ኦርካ» በሚል ስም ለአሜሪካ የባሕር አውሮፕላኖች ረዳት ሆና አገልግላ እ.ኤ.አ. በ1962 ለኢትዮጵያ ተላለፈች፤ ርዝመቷ 95 ሜትር ግድም ነው። የናፍጣ ሞተሮቿ ሁለት ፕሮፔለር ያዞሩ ነበር። ፈተናው ቀይ ባሕር ራሱ ነበር፦ የመርከብ ሞተር ሙቀቱን የሚጥለው በባሕር ውኃ ነው፤ በምጽዋ ክረምት ውኃው ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ማቀዝቀዙ ይዳከማል፣ የሞተር ክፍሉም ይጋላል። ጨዉ ደግሞ ብረቱን ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የደርግ ዘመን ሲያበቃ መርከቦቹ ከአገሪቱ ሸሹ፤ «ኢትዮጵያ» የመን ላይ ቀርታ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረሰ፤ መልሶ የማቋቋሙ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2018 በኋላ ነው።