ከፀሐይ ገጽ የሚግለው የኤሌክትሪክ ቅስት በጋዝ ንፋስ እንዴት ይጠፋል?

ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለውን መስመር መብረቅ ሲመታው፣ በማከፋፈያ ጣቢያው ያለው ብሬከር ኃይሉን ለማቋረጥ ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። የብሬከሩ ሁለት የብረት ንክኪዎች ሲለያዩ ግን ጅረቱ ወዲያው አይቆምም፤ በመካከላቸው ያለውን ጋዝ አግሎ ወደ ፕላዝማ በመለወጥ መንገዱን ይቀጥላል። ይህ የኤሌክትሪክ ቅስት ይባላል። በብየዳ ቤቶች ዓይን የሚወጋው ብርሃን የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። የብሬከሩ ቅስት እምብርት ከ10 ሺህ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ የፀሐይ ገጽ ሙቀት 5,500 ገደማ ነው።

በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ ተለዋዋጩ ጅረት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ብሬከሩ የሚጠብቀው ያችን ቅጽበት ነው። (ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ የተዘረጋው መስመር ቀጥተኛ ጅረት ስለሚያስተላልፍ ይህ ዕድል የለውም።) ዜሮ ላይ ቅስቱ ይከስማል፤ ነገር ግን የቀረው ጋዝ ገና ትኩስ በመሆኑ ተመልሶ የሚመጣው ቮልቴጅ ዳግም ሊያቀጣጥለው ይችላል። ያኔ ብሬከሩ ሊፈነዳ፣ የኃይል መቋረጡም ሊሰፋ ይችላል።

ስለዚህ ብሬከሩ በጠባብ ቱቦ ጋዝ በኃይል ይነፋበታል። ሻማን እፍ ብሎ ማጥፋት ቢመስልም ነገሩ ይረቅቃል። የቅስቱ ትኩስ ጋዝ ስስና ቀላል ስለሆነ፣ በዙሪያው ካለው ቀዝቃዛ ጋዝ እጅግ ፈጥኖ ይፈስሳል። በሁለቱ ድንበር ላይ ፍሰቱ ይናወጣል፤ የሚፈጠሩት አዙሪቶች ቀዝቃዛውን ጋዝ ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይበትናሉ። እአአ በ1970ዎቹ በስዊዘርላንዱ ብራውን ቦቬሪ ኩባንያ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ በዜሮዋ ቅጽበት አካባቢ ቅስቱን በማቀዝቀዝ ይህ የፍሰት ሁከት ወሳኝ ሚና እንዳለው አሳይተዋል።

ችግሩ ሁከት ለስሌት አለመመቸቱ ነው። መሐንዲሶች በኮምፒውተር ሞዴሎቻቸው ውስጥ ሁከቱን የሚወክለውን ቁጥር ከሙከራ ውጤት ጋር እስኪገጥም ያስተካክሉታል። ጋዙ ወይም የቱቦው ቅርጽ ሲቀየር ግን ያው ቁጥር ላይሠራ ይችላል፤ ውዱ የላቦራቶሪ ፍተሻም እንደገና ይጀመራል።

ጋዙን መቀየር ደግሞ አሁን ግድ እየሆነ ነው። ለአሥርት ዓመታት ተመራጭ የነበረው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ነጻ ኤሌክትሮኖችን በመያዝ ቅስትን በማጥፋት የተካነ ቢሆንም፣ በ100 ዓመት ስሌት ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ23 ሺህ እጥፍ በላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እአአ በ2024 ባጸደቀው ደንብ፣ ከ2026 ጀምሮ በአዳዲስ መሣሪያዎች ላይ በደረጃ እንዲታገድ ወስኗል። በምትኩ ከቀረቡት መካከል በካርቦን ዳይኦክሳይድና በኦክስጅን ላይ የተመሠረቱ ድብልቆች ይገኙበታል። አዳዲስ ማከፋፈያ ጣቢያዎችን እየገነቡ ያሉት የምሥራቅ አፍሪካ አገራት ዛሬ የሚገዙት ብሬከር ለአሥርት ዓመታት ከእነርሱ ጋር ይቆያል።