ደብርና ወይን



በቅርቡ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ የዚህ ንግግር መነሻ የሆነ ጥያቄ አቀረበልኝ። ይኸው ሰው በመርካቶ በኩል ሲያልፍ፥ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከተለጠፉት የጉዞ ማኅበራት ማስታወቂያዎች መካከል፥ ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም የሚደረገውን የአንድ ቀን ጉዞ አንብቦ ኖሮ፥ «ደርሶ መልስ ነው፤ መንገድ እየመራ የሚያስረዳም ሰው አለው። ለመሆኑ የገዳሙን ወይን ያስቀምሱናልን?» አለኝ።

ባልደረባዬ ይህን ያለው ለማሾፍ አልነበረም። በአውሮፓ ለትምህርት ሳለ፥ በተራራ ላይ ወደ ተሠራ አንድ አሮጌ ገዳም ወስደውት፥ ከጉብኝቱ በኋላ ከገዳሙ ጓዳ የወጣ ወይን በትናንሽ ብርጭቆ እየተቀዳ ቀርቦለት ነበር። ስለዚህ ገዳም፥ ተራራና ወይን በአሳቡ ውስጥ አንድ ላይ ተቆራኝተው ቀርተዋል። የጥያቄው አጭር መልስ «አያስቀምሱም» የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ግን የታሪክ ትምህርት ስላለበት ለእናንተም ማካፈል የሚገባ ሆኖ አገኘሁት።

በመጀመሪያ ከቃላቱ እንነሣ። «ደብር» በግዕዝ ቋንቋ ተራራ ማለት ነው። «ገዳም» ደግሞ ምድረ በዳ፥ ሰው የማይኖርበት ዱር ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ በከተማ መካከል ያለውን ቤተ ክርስቲያን እንኳ ደብር ብለን ስንጠራው፥ ሳናስተውለው ተራራ ብለን መጥራታችን ነው። ደብረ ሊባኖስ ማለትም የሊባኖስ ተራራ ማለት ነው። ነገር ግን ወደ ስፍራው የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ገዳሙ የሚገኘው ከገደል አፋፍ በታች፥ ከኋላው የቆመውን አለት ተደግፎ፥ ከፊቱ የጀማን ሸለቆ እየተመለከተ ነው። ተራራው ከስሙ ላይ ነው ያለው፤ ስሙም የተሰጠው ስለ ክብሩ ነው።

በሌላው ዓለም ገዳምና ወይን መገናኘታቸው እውነት ነው። በፈረንሳይ አገር፥ በቡርጎኝ፥ የሲቶ ገዳም መነኮሳት ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምረው ክሎ ደ ቩዦ የተባለውን የወይን እርሻ አቅንተዋል። በጆርጂያ የአላቨርዲ ገዳም መነኮሳት ወይናቸውን የእኛን ጋን በመሰለ፥ እስከ አንገቱ ከምድር በተቀበረ ታላቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ይጠምቁታል። ስሙን በተዋስነው በሊባኖስ አገርም፥ በበቃ ሸለቆ፥ የኢየሱሳውያን ካህናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 የጀመሩት የክሣራ የወይን ጠጅ ቤት እስከ ዛሬ ይሠራል። በእነዚህ አገሮች ወይኑ የመነኮሳቱ የመሥዋዕት መጠጥ ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያቸውም ነበር።

በእኛስ አገር? ወይን ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መምሪያ የተባለው የግሪክ መርከበኞች መጽሐፍ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ጥቂት ወይን እንደ ነበረ ይዘረዝራል። ከቆላው በላይ፥ ከደጋው በታች ያለውን መካከለኛ አገር «ወይና ደጋ» ብለን ስንጠራው፥ አባቶቻችን የአየር ጠባዩን የለዩት በወይን ተክል እንደ ነበረ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለቍርባን የምታዘጋጀው ወይን በርሜል ውስጥ ተጠምቆ የሚያረጅ ወይን አይደለም። የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ በኩል ቤተ ልሔም የምትባል ትንሽ ቤት አለች። በዚያች ቤት ኅብስቱ ይጋገራል፤ ዘቢቡም ታጥቦ በውኃ ከራሰ በኋላ ተጨምቆ ይጠለላል። ጭማቂው ለዚያው ዕለት ቅዳሴ የሚሆን እንጂ ፈልቶ እንዲያሰክር የሚቀመጥ አይደለም። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንኑ ሥርዓት ተመልክቶ ጽፏል። እርሱ እንደሚለው፥ ከትኩስ የወይን ፍሬ የተጠመቀ ወይን በግልጥ የሚገኘው በንጉሡና በጳጳሱ ቤት ብቻ ነበር፤ በቀረው ቦታ ሁሉ ቅዳሴ የሚቀደሰው በዘቢብ ወይን ነበር።

የዚህም ምክንያት ለማስተዋል አያዳግትም። የወይን እሸት ከተቈረጠ በኋላ ለብዙ ቀን አይቈይም፤ ዘቢብ ግን በጆንያ ታስሮ፥ በአጋሰስ ተጭኖ፥ ባሕርና በረሃ አቋርጦ፥ ወራት ቆይቶም ለመሥዋዕት ይደርሳል። ወይን በማይበቅልበት ብርዳም አምባ ላይ የሚኖር መነኩሴ ቍርባን ሳይታጐልበት የኖረው በዚህ ብልሃት ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ የባልደረባዬ ጥያቄ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። እርሱ ወይኑን ከገዳሙ ሊቀምስ አሰበ፤ እውነቱ ግን ወይኑ ወደ ገዳሙ የሚሄደው ከመርካቶ መሆኑ ነው! በራጉኤል አካባቢ ካሉት የንዋየ ቅድሳት መደብሮች ብትገቡ፥ ዕጣንና ጧፍ ከሚሸጥበት መደርደሪያ አጠገብ ዘቢቡን ታገኙታላችሁ። ወደ ገዳም የሚሄድ ምእመን በልማድ የሚይዘው መባ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ተራ አቅጣጫ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ መኪናው የምትገሠግሠው እናት፥ በዘንቢሏ ውስጥ የያዘችው ጥቅል የገዳሙ ወይን ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። ቍርባን የሚቀበል ሰው አስቀድሞ 18 ሰዓት ሊጾም ይገባዋል። ጠበል የሚጠመቅና የሚጠጣም ሰው ሳይቀምስ መሄድ አለበት። ስለዚህ በእኛ ሥርዓት፥ ወይን እየቀመሰ ወደ ገዳም የደረሰ ሰው ከዋናው ጽዋ ራሱን በራሱ ከለከለ ማለት ነው። በአውሮፓው ገዳም መቅመስ የጉብኝቱ መደምደሚያ ነው፤ በእኛ ዘንድ አለመቅመስ የጉዞው መጀመሪያ ነው።

ወይን ጠጅ መቅመስ ኃጢአት ነው ማለቴ እንዳይደለ ይታወቅልኝ። የአገራችን የወይን ሥራ የሚያኮራ ነው። ጉደርና አክሱሚት የተባሉት የአዋሽ ወይን ጠጆች በየቤታችን የታወቁ ናቸው። በዝዋይ፥ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ፥ የካስቴል ኩባንያ ያቀናው የወይን እርሻም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለገበያ አውጥቷል። ወይን ለመቅመስና የወይን ሐረግ ለማየት የሚፈልግ ሰው መንገዱን ወደዚያ ቢያደርግ መልካም ነው። ሁሉም ስፍራ ስፍራ አለው።

አሁን ወደ ጉዞው እንመለስ። መኪናው ከመርካቶ ተነሥቶ በአዲሱ ገበያ በኩል የእንጦጦን ዳገት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሱሉልታን፥ ጫንጮን፥ ሙከ ጡሪንና ደብረ ጽጌን እያለፈ፥ ፍቼ ሳይደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። መንገዱ በሙሉ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዶች ሣር ሲነጩ ይታያሉ። በዚያው አቅራቢያ በተለምዶ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባል የድንጋይ ድልድይ አለ። አንዳንድ አስረጂዎች ፖርቱጋሎች ሠሩት እያሉ ይናገራሉ፤ ነገር ግን ድልድዩ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የሰላሌ ገዢ በነበሩት በራስ ዳርጌ ዘመን የተሠራ ነው። የራሳችንን ሥራ ለባዕድ እንዳንሰጥ ይህን መዘንጋት አይገባም።

ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የመጀመሪያ ስሙ ደብረ አስቦ ነበር። ደብረ ሊባኖስ ያሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲሆኑ፥ ይኸውም በ1445 እ.ኤ.አ. ነው። የገዳሙ አለቃ እጨጌ እየተባለ የኢትዮጵያ መነኮሳት ሁሉ የበላይ ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። በ1531 እ.ኤ.አ. በግራኝ አሕመድ ጦርነት ገዳሙ ተቃጠለ፤ መነኮሳቱም ተበተኑ። ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ገና ቀና። ዛሬ የሚታየው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ በ1950ዎቹ ዓ. ም. የታነጸ ነው።

ነገር ግን መንገድ መሪው ሊነግራችሁ ከሚገባው ሁሉ የሚበልጠው፥ በ1929 ዓ. ም. የሆነው ነው። በዚያ ዓመት የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን እልቂት ሁላችን እናውቃለን። ግራዚያኒ ግን በዚህ አልረካም። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በነገሩ እጃቸው አለበት ብሎ፥ ጀኔራል ማሌቲን ወደ ገዳሙ ላከ። የተመረጠውም ጊዜ ግንቦት 12 ቀን የሚውለው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ነበር። ከየአገሩ ለበዓሉ የመጣው ምእመን በገዳሙ ሳለ ወታደሮች ከበቡት። በማግስቱ፥ ግንቦት 13 ቀን፥ መነኮሳቱና ምእመናኑ በካሚዮን እየተጫኑ ለገ ወልዴ ወደሚባል ሸለቆ ተወስደው በመትረየስ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላም በደብረ ብርሃን አቅራቢያ፥ እንጌጫ በሚባል ስፍራ፥ 129 ዲያቆናት ተገደሉ። ይህ የገዳዩ ራሱ ቍጥር ሲሆን በጠቅላላው 449 ይሆናል። ኢያን ካምቤል የተባለው ጸሐፊ ከስፍራው ሽማግሌዎችና ከመዛግብት መርምሮ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ የሞቱት ከ1,800 እስከ 2,200 እንደሚደርሱ አመልክቷል። ከእነርሱም ብዙዎቹ መነኮሳት ሳይሆኑ፥ እንደ እናንተና እንደ እኔ ለአንድ ቀን በዓል የመጡ መንገደኞች ነበሩ።

ይህን በምን ምክንያት ከመርካቶ ጋር አገናኘዋለሁ? የመርካቶ ልደት ራሱ በዚያው ዘመን ስለ ሆነ ነው። የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። የፋሽስት መንግሥት ከተማውን ለነጭና ለጥቁር ከፍሎ፥ ገበያውን በ1930 ዓ. ም. ገደማ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ለአገሬው ሕዝብ ለየው። «መርካቶ» የሚለው ቃል ኢጣልያንኛ ነው፤ ገበያ ማለት ነው። አዲስ ከተማ የተባለው ሰፈርም የዚያው ክፍፍል ልጅ ነው። እንግዲህ መነኮሳቱን ያስረሸነውና ገበያተኛውን ከአራዳ ያስነሣው አገዛዝ አንድ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜም አጭር ነው።

ሆኖም አገዛዙ ያሰበው ሳይሆን ቀረ። ለመለያያ የተሠራው ገበያ ሁሉን የሚያገናኝ ሆነ። ዛሬ በመርካቶ የራጉኤል ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን በአንድ ሰማይ ሥር ይሰማሉ። ከሸማ ተራ ነጠላው፥ ከመደብሩ ዘቢቡ ተገዝቶ፥ ሊያጠፉት ወደ ነበረው ገዳም ይሄዳል። ገዳሙም አልጠፋም፤ ገበያውም ለሕዝቡ ሆነ።

ክቡራን አንባብያን፥ የካቲት 12 ቀን በስድስት ኪሎ ሐውልት ሥር አበባ ይቀመጣል፤ መሥሪያ ቤቶቻችንም ያስቡታል። ግንቦት 13 ቀን ግን ከብዙዎቻችን ጠረጴዛ ላይ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ፋይል ስንከፍትና ስንዘጋ ያልፋል። በቢሮ የምንሠራ ሰዎች የቍጥርን ዋጋ እናውቃለን። በ449 እና በ2,000 መካከል ያለው ልዩነት የሒሳብ ስሕተት አይደለም፤ ስማቸው በማንም መዝገብ ሳይገባ የቀሩ ሰዎች ናቸው። ምናልባትም ከእናንተ አንዱ በቤተ ዘመድ መካከል፥ ለተክለ ሃይማኖት በዓል እንደ ሄዱ ሳይመለሱ ስለ ቀሩ አያት ሲነገር ሰምቶ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቆ በወረቀት ማኖር የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

ለባልደረባዬም የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው፦ ሂድ፤ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሳትቀምስ ሂድ። ከመነሣትህ በፊት ከመርካቶ ግማሽ ኪሎ ዘቢብ ግዛና ያዝ። ከገዳሙ ስትደርስ ለቤተ ልሔሙ አገልጋይ አስረክብ። ከዚያም መንገድ መሪውን፥ «ለገ ወልዴ በየት በኩል ነው?» ብለህ ጠይቀው።

ባልደረባዬ ባለፈው እሑድ ሄዶ ሰኞ ጠዋት በሥራ ገበታው ላይ ተገኝቷል። ስለ ወይኑ ያነሣው ነገር የለም። የግንቦትን ወር ገጽ ከግድግዳው ካሌንደር ፈልጎ፥ በ13ኛው ቀን ላይ በቀይ እርሳስ ክብ ሲያደርግበት ግን አይቼዋለሁ።