የአያቶች ካሬ፦ ከኪሮሽ ጫፍ የተገኘ ታሪክ

የእናቶቻችን የእጅ ሥራ ሲነሣ አስቀድሞ ትዝ የሚለን ዳንቴል ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ ሀገር የሬዲዮኑ፣ የቴሌቪዥኑና የሶፋው ልብስ እርሱ ነበር። ከአገር ስንወጣም ብዙዎቻችን ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን አንድ ሁለት ዳንቴል በሻንጣችን ይዘናል። ማኅበራችን አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ስለዚህ ዝምተኛ ሙያ ጥቂት ማለት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

«ኪሮሽ» የምንለው ቃል መነሻው ፈረንሣይኛ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ መንጠቆ ነው። «ዳንቴል»ም ከዚያው ቋንቋ፣ ትንሽ ጥርስ ከሚል ቃል የመጣ ነው። ሙያው በአውሮፓ በስፋት የታወቀው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው።

የብዙ ሰው እንጀራ የሆነው ግን በአየርላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 የድንች በሽታ ገብቶ ለዓመታት በዘለቀው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። ረሃብና ስደት ምን እንደሆኑ ለእኛ ነጋሪ አያሻንም። በዚያ ክፉ ዘመን በኮርክ መነኮሳት ለሴቶች ኪሮሽ አስተማሩ። በክሎንስ ከተማም የአንድ ቄስ ባለቤት የነበሩት ካሳንድራ ሃንድ እ.ኤ.አ. በ1847 አስተማሪ አስመጥተው ሥራውን አስጀመሩ። አሠራራቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። አንዷ ጽጌረዳውን፣ ሌላዋ ቅጠሉን ለየብቻ ትሠራለች፤ ከዚያ ሌላ ባለሙያ ሁሉንም አገጣጥማ አንድ ልብስ ታደርገዋለች። በዚህ ገቢ ቤተሰብ ከረሃብ ተርፏል፤ ለአሜሪካ መርከብ መሳፈሪያም ተከፍሏል።

ለየብቻ ሠርቶ የማገጣጠሙ ዘዴ በአሜሪካ ሌላ መልክ ይዞ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ1885 «ፕሬይሪ ፋርመር» የተባለው የገበሬዎች ጋዜጣ የባለ አራት ማዕዘን ኪሮሽ አሠራር ከነሥዕሉ አወጣ። ዛሬ «የአያቶች ካሬ» የሚባለው ጥለት በጽሑፍ ከተገኘባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ካሬው የተወደደበት ምክንያት ቁጠባ ነው። ከሌላ ሥራ የተረፈች ጉማጅ ክር ሁሉ በአንዱ ዙር ቦታ ታገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹም ወጣቶች ሰደርያና ቦርሳ አድርገው ፋሽን አደረጉት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከመካከል በትንሽ የሰንሰለት ቀለበት ይጀመራል። በቀለበቱ ውስጥ ረዘም ያሉ ስፌቶች ሦስት ሦስት እየሆኑ ይሠራሉ። በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት የሦስት ስፌት ስብስብ ሲገባ ክቡ አራት ማዕዘን ይሆናል። በየዙሩ ቀለም መለወጥ ይቻላል። ማገጣጠሙ ሁለት ዓይነት ነው፤ በመርፌ ጠርዝ ለጠርዝ መስፋት፣ ወይም በኪሮሹ ራሱ ማያያዝ። በመርፌ የተሰፋው ልሙጥ ሆኖ ይተኛል፤ በኪሮሽ የተያያዘው ከፍ ያለ መስመር ያወጣል። ሁለት ካሬ ለድስት መያዣ ይበቃል። እያንዳንዱ ጎን 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ 16 ካሬ፣ አራት በአራት ቢገጠም፣ 80 ሳንቲ ሜትር በ80 የሆነ የሕፃን ብርድ ልብስ ይወጣዋል።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሙያውን የሚያውቁ እናቶቻችን እያረጁ ነው። ልጆች ሥራና ትምህርት ቤት ሲውሉ፣ ብዙዎቹ የአገሩን ቋንቋ ሳያውቁ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ አማርኛው እየከበዳቸው ከአያቶቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት አጥተዋል። ኪሮሽ ግን ብዙ ቃል አይጠይቅም፤ እጅ ለእጅ እያሳየ ያስተምራል፤ «ሳብ»፣ «ቁጠሪ»፣ «ፍቺው» ሲባባሉም አማርኛው አብሮ ይገባል። አሁን ካልተማርነው ዳንቴሉ በመሳቢያችን ይቀራል፤ የሚሠራው ሰው ግን አይኖርም።

ስለዚህ ከየቤቱ አንዲት እናት ከአንድ ልጅ ጋር ሆነው አንድ ካሬ እንዲሠሩ እንጠይቃለን። ካሬዎቹን በማኅበሩ አዳራሽ አገጣጥመን በመካከላችን ለሚወለዱ ሕፃናት ብርድ ልብስ እናደርጋቸዋለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ሥራው ለማንም አይከብድም።

ለሚቀጥለው አሥር ዓመት በሰላም ያድርሰን።