ሕፃኑ በእግሩ ሲመጣ፦ ከኮርዶባ እስከ ሆሳዕና

ሆሳዕና ያለው ትልቁ ሆስፒታል የማንን ስም እንደያዘ ስንቶቻችን ልብ ብለናል? የንግሥት እሌኒ መሐመድን ነው። እሌኒ የሐድያው ገራድ መሐመድ ልጅ ነበረች፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተድራ ንግሥት ሆነች። ዛሬ በስሟ በተሰየመው ሆስፒታል የሐድያም የከምባታም እናቶች ይወልዳሉ።

ቀናቸው ከደረሰ 100 እርጉዞች የ3ቱ ወይም የ4ቱ ልጅ በጭንቅላቱ ሳይሆን በመቀመጫው ወይም በእግሩ ይመጣል። እርግማን አይደለም፤ የእናትየዋም ጥፋት አይደለም። ነገሩ አዲስም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1000 አካባቢ የአንደሉሱ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (ረሒመሁላህ) ኮርዶባ ውስጥ «አት-ተስሪፍ» የተባለውን ባለ 30 ክፍል መጽሐፉን ጻፈ። ስለ ቀዶ ሕክምና በሚናገረው የመጨረሻ ክፍል ለአዋላጆች የሚሆን ምዕራፍ አስገባ። ሕፃኑ በእግሩ፣ በጉልበቱ ወይም በእጁ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ለየብቻ አስቀመጠ። አመጣጡ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ያኔም ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

የዛሬ ሐኪሞች በመቀመጫ መምጣትን በሦስት ይከፍሉታል። በብዛት የሚታየው መቀመጫው ወደ ታች ሆኖ እግሮቹ ወደ ፊቱ ሽቅብ ሲዘረጉ ነው። ሁለተኛው ጉልበቱን አጥፎ እንደ ተቀመጠ ሲመጣ ነው። ሦስተኛው አንድ ወይም ሁለት እግሩ ከመቀመጫው ሲቀድም ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው ይሄ ነው፤ እግር ቀጭን ስለሆነ የማህፀኑን በር አይደፍንም፣ እትብቱ ቀድሞ ሊወርድና ሊጨመቅ ይችላል። የሦስቱም የጋራ ስጋት ደግሞ ሰውነቱ ወጥቶ ጭንቅላቱ እንዳይያዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመና በ26 አገሮች ከ2,000 በላይ እናቶችን ያካተተ ጥናት፣ ቀድሞ የታቀደ ኦፕራሲዮን ለሕፃኑ እንደሚሻል አሳየ። ብዙ ሆስፒታሎችም ወደዚያው አዘነበሉ። ልምድ ያለው ባለሙያ ባለበት ተመርምረው በማህፀን የሚወልዱም አሉ። ለአንዳንዶች ደግሞ ከ36 ሳምንት በኋላ ሐኪሙ ሆስፒታል ውስጥ ከሆድ ላይ በእጁ ሕፃኑን ለማዞር ይሞክራል።

እነዚህ ምርጫዎች የሚኖሩት ግን ምጥ ሳይጀምር ከታወቀ ነው። ከሾኔ ወይም ከዱራሜ ገጠር ሌሊት እግር ታይቶ መኪና ፍለጋ ስንሮጥ ጊዜው አልፏል።

ስለዚህ ወንድሞች፣ ሚስታችን ወይም እህታችን የመጨረሻው ወር ላይ ከደረሰች ክትትል ላይ አብረናት እንሂድ። አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ «ጭንቅላቱ በየት በኩል ነው?»